የእጅ ሙያ፦ ቅቡን ሳትለዩ መበየጃውን አታሙቁ

  

ስለ ጥገና ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ተደጋግሞ ይመጣል። «የድሮ ራዲዮ ከፍቼ የተነቀለ ሽቦ ልበይድ ብል እርሳሱ አልይዝ አለኝ። እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ ይወርዳል። መበየጃዬ ደክሞ ይሆን እንዴ?» የሚል ነው።

መበየጃችሁ ላይደክም ይችላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ቦርዱ ላይ ነው። ቦርዱ ልብስ ለብሷል፤ በዓይን እምብዛም የማይታይ ስስ የመከላከያ ቅብ አለበት። እርሳስ ንጹሕ ብረት ካላገኘ አይጣበቅም። ይህን ያላወቀ ሰው ምን ያደርጋል? ሙቀት ይጨምራል፣ ይጫናል፣ ደግሞ ይሞክራል። በመጨረሻ ቅቡ ከስሎ፣ የመዳቡ መስመር ከሰሌዳው ተላጦ ይነሳል። ያን ጊዜ ትንሹ ብልሽት ትልቅ ሆነ ማለት ነው። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ራዲዮ ደግሞ ሌላ ቦርድ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ቅብ ነው። ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚለይ፣ እንዴት እንደሚነሳ፣ ደግሞም ከሥራው በኋላ ለምን ተመልሶ መቀባት እንዳለበት እናያለን።

ቅቡ ለምን ተቀባ?

ቦርድ የምንለው ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሰሌዳ ሲሆን የመዳብ መስመሮች ተነጥፈውበታል። መዳብ እርጥበትና ጨው ሲያገኘው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። እዚህ ጋቦዴ ሁለቱም ሞልተዋል፤ ባሕሩ ቅርብ ነው፣ ነፋሱም ጨው ይዞ ቤት ይገባል። የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 ገደማ ሲያልፍ ከአየሩ ውኃ እየሳበ ይሟሟል። ቤት ውስጥ የጨው ዕቃው «ሲያልበው» የምናየው ይህንኑ ነው። ያው የሟሟ ጨው ቦርድ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሁለት መስመሮች መካከል ድልድይ ይሆናል፤ ራዲዮው ይንጫጫል፣ ጣቢያው ይሸሻል፣ ውሎ አድሮም መዳቡ ተበልቶ ይቆረጣል።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሲፊክ ደሴቶች የተዋጋው የአሜሪካ ጦር ራዲዮዎቹ በእርጥበትና በሻጋታ እየተበላሹ ስላስቸገሩት ቫርኒሽ ይረጭባቸው ጀመር። ቫርኒሹ ውስጥ ሻጋታ የሚገድል መርዝ ይጨመር ነበር። የተረጨበት መሣሪያ «ኤም ኤፍ ፒ» የሚል ማኅተም ይመታበታል፤ የእርጥበትና የሻጋታ መከላከያ ተደርጎለታል ማለት ነው። ኢትዮጵያም በ1953 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ፈርማ ለሠራዊቷ የአሜሪካ ዕቃ ስትቀበል ስለነበር፣ በመገናኛ ክፍል የሠሩ አባቶች ይህን ማኅተም ቢያስታውሱት አይገርምም። እንዲህ ያለ ማኅተም ያለበት ዕቃ እጃችሁ ከገባ ቅቡን አትፋቁ፣ አታቃጥሉ። ብናኙም ጭሱም ለሳንባ አይሆንም።

ከጦርነቱ በኋላ ቅቡ ተሻሽሎ ወደ መርከብ፣ ወደ አውሮፕላንና ወደ ፋብሪካ መሣሪያዎች ገባ። ወደብ ባለበት ከተማ ስለምንኖር ከመርከብ የወረደ ራዲዮ ቢገጥመን እንግዳ አይሆንብንም። ተራው የቤት ራዲዮ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጠንካራ ቅብ የለውም። በብየዳው በኩል ከጥድ ሙጫ የተሠራ ስስ ላክ ይቀባል፣ ጥቅልሎቹም ላይ ሰም ይንጠባጠባል፤ በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይገባም።

ራዲዮው ለምን ያሳሳናል?

«ዜናው ዛሬ በስልክ ይመጣ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይመጣል። ነገር ግን ስልክ ካርድ ይፈልጋል፣ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ቻርጅ ይፈልጋል። ራዲዮ ሁለት ባትሪ ከተገኘለት ቤተሰቡን ሁሉ ባንዴ ያሰማል። ከዚያም በላይ በአጭር ሞገድ ያደግን ሰዎች ነን። የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ሲያስተላልፍ ቆይቶ በ1977 እ.ኤ.አ. በደርግ ተወረሰ። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል በ1965 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው። በየቤቱ የቆዩት ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግና ናሽናል ራዲዮዎች ይህን ሁሉ ያሰሙ ናቸው። አንዳንዱ ራዲዮ የአባት ማስታወሻ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያስጠግን ሰው የሚያስረክበን ትንሽ ነገር አይደለም።

አስቀድሞ መለየት

ከሁሉ በፊት ራዲዮው ከሶኬት መነቀሉን፣ ባትሪው መውጣቱን አረጋግጡ። ባለ ቫልቭ የሆነው የድሮ ራዲዮ ትልልቅ ካፓሲተሮቹ ከተነቀለም በኋላ ከ200 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በሬዚስተር አስተንፍሱት፤ ከዚያ በቴስተር ለኩ፤ ዜሮ ሲል ብቻ እጃችሁን አስገቡ። ስልክ ካላችሁ ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱት፤ ከሌላችሁ በወረቀት ላይ ንደፉት። ከዚያ አቧራውንና ጨውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ።

አሁን ቅቡን እንመርምር። ገንዘብ መንዛሪዎች ሐሰተኛ ኖት የሚለዩበትን ሰማያዊ መብራት ታውቁታላችሁ? ጨለማ ቦታ ላይ ቦርዱን በእሱ ብታዩት አዳዲሶቹ ቅቦች አብዛኞቹ ሰማያዊ ሆነው ያበራሉ፤ የሚያበራ ቀለም ስለሚጨመርባቸው ነው። የድሮዎቹ ግን ብዙዎቹ ላያበሩ ይችላሉ። መብራቱ «አለ» ካለ አለ፤ ዝም ካለ ግን የለም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ በስቴኪኒ ጫፍ፣ ከጥግ፣ ዕቃ ከሌለበት ቦታ ጫን አድርጉት። ከዚያ በጥጥ አንድ ጠብታ አልኮል አስነኩትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የፋርማሲ 90 ዲግሪ አልኮል ይበቃል። 70 ዲግሪው ውኃ ስለሚበዛበት ለቦርድ አይመረጥም። የምታዩት ከሚከተሉት አንዱ ይሆናል።

የጥድ ሙጫ ላክ፦ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው፤ ሲጫኑት ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። አልኮል ሲነካው ቶሎ ሟሙቶ እጅ ላይ ይጣበቃል። በቤት ራዲዮ ላይ የሚበዛው ይኸው ነው፤ ቀላሉም እሱ ነው።

አክሪሊክ፦ ጥርት ያለና ደረቅ ነው። አልኮል ቀስ እያለ ያለሰልሰዋል፤ አሴቶን ግን ቶሎ ያነሳዋል።

ፖሊዩሬቴን፦ የሚያብረቀርቅና ጠንካራ ነው። አልኮል ምንም አይለውም። በመበየጃ ሙቀት ይቃጠላል፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሲሊኮን፦ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ሲጫኑት ይመለሳል። ፈሳሽ ያሳብጠዋል እንጂ አያሟሟውም። በእንጨት እየተነሳ ይላጣል።

ኢፖክሲ፦ እንደ ድንጋይ ነው። በፈሳሽ አይነሳም፤ በጥቂቱ መፋቅ ብቻ ነው። ዕቃው ጠቅላላ በኢፖክሲ ተቀብሮ ከሆነ ግን ተዉት።

ፓሪሊን የሚባል በጣም ስስ ቅብም አለ። በጋዝ መልክ የሚቀባና ውድ ስለሆነ በቤት ራዲዮ ላይ አይጠበቅም።

ማንሳቱ

ደንቡ አንድ ነው፤ የምትበይዱትን ነጥብ ብቻ ክፈቱ። ልብስ ለመጣፍ ልብሱን ሁሉ የሚተረትር ሰፊ የለም። ቅቡ ሃምሳ ዓመት የጠበቀውን ቦርድ እናንተ በአንድ ከሰዓት ራቁቱን አታስቀሩት።

በዙሪያው ያለውን ዕቃ በቴፕ ሸፍኑ። ጥጡን በስቴኪኒ ጫፍ ጠቅልሉ፣ በአልኮል አርጥቡ፣ ጨምቁ። ጥጡ መርጠብ አለበት እንጂ መንጠብጠብ የለበትም። ነጥቡ ላይ አስቀምጡና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ አንሱት። የሟሟውን በሌላ ንጹሕ ጥጥ ወዲያው ውሰዱት። እንዲህ ሦስት አራት ጊዜ። ቦርዱን በፈሳሽ ማጥለቅለቅ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የሟሟው ቅብ ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ፣ የድምፅ መጨመሪያው ውስጥ፣ ጣቢያ መፈለጊያው ካፓሲተር ውስጥ ገብቶ እዚያ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ቢቆራረጥ አትገረሙ።

አልኮል ካልቻለው አሴቶን አለ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲሸጥ ያያችሁት ነው፤ ግን ዘይትና ሽቶ ያልተቀላቀለበትን ፈልጉ። አሴቶን ጠንካራ ስለሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የራዲዮውን ፕላስቲክ ሣጥንና የጣቢያ ቁጥር የተጻፈበትን መስታወት መሰል ፕላስቲክ ያቀልጣል። ሁለተኛ፣ በድሮ ራዲዮ ውስጥ ብርማ ጥቅልል የሚመስሉ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ የለበሱ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ የተሠሩት ከፖሊስታይሪን ነው። አሴቶን ሲነካቸው ይሟሟሉ። ጣቢያውን በቦታው የሚያቆሙት እነሱ ስለሆኑ፣ እነሱ ከሄዱ ራዲዮው ጣቢያውን ይስታል። የቀለም ቲነር ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ ለቦርድ አንመክረውም።

ለሲሊኮን የተሳለ እንጨት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ይሻላል። ለጠንካራዎቹ ምላጭ ያስፈልጋል፤ ምላጩን ግን አስተኝታችሁ፣ በመዳቡ መስመር አቅጣጫ፣ በቀስታ ፋቁ። አቋርጣችሁ ከፋቃችሁ መስመሩን ትቆርጡታላችሁ። ብረቱ ብሩህ ሆኖ ሲታያችሁ አቁሙ።

ብየዳው

ቡናማው የድሮ ሰሌዳ ከወረቀትና ከሙጫ የተጋገረ ስለሆነ ሙቀት አይችልም። ከ25 እስከ 40 ዋት ያለው መበየጃ ይበቃል። የድሮው ብየዳ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ነው፤ 63 በ37 የሆነው በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። አዲሱ እርሳስ የሌለበት ብየዳ ግን ከ217 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ለአሮጌ ሰሌዳ ይከብዳል። ነጥቡ ላይ ጥቂት የጥድ ሙጫ ፍለክስ አድርጉ፣ ጫፉን አስነኩ፣ እርሳሱን አቅርቡ፣ በሁለትና በሦስት ሴኮንድ ጨርሱ። ካልያዘ አትጫኑት። አንሱት፣ አቀዝቅዙት፣ እንደገና አጽዱት። ያልያዘው ቅብ ስለቀረ ነው እንጂ ሙቀት ስላነሰ አይደለም።

የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት አሲድ ያለበት የብየዳ ቅባት አለ። ወዲያው ያስይዛል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚወደው። ግን እዚያው ተቀምጦ ሲበላ ከርሞ መዳቡን ይጨርሰዋል፤ የጋቦዴ እርጥበት ደግሞ ያግዘዋል። ቦርድ አጠገብ አይድረስ።

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስትሠሩ

ይህን ክፍል አትዝለሉብን። ብዙዎቻችን የምንሠራው፣ የምንበላው፣ የምንተኛው በአንድ ክፍል ነው። ልጆችም አብረውን ናቸው።

አሴቶን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። በኛ ሙቀት እንዴት እንደሚሆን እናንተው አስቡት። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። ወለሉ ላይ ምን አለ? የቡናው ከሰል፣ የዕጣኑ ማጨሻ። ስለዚህ ቡና እየተፈላ አሴቶን አይከፈት። ሲጋራም አይለኮስ። ሥራው በር ላይ ወይም ደጅ ይሁን፤ የነካው ጥጥም ደጅ ደርቆ ይጣል። የሞቀው መበየጃ ደግሞ ፈሳሹ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ አይቅረብ።

አሴቶንም ሆነ አልኮል በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ። ውኃ ይመስላል፤ በዚህ ሙቀት ከውጭ ሮጦ የገባ ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል። አሴቶን የሃይላንዱን ፕላስቲክ ራሱ ያበላሸዋል። በመስታወት ጠርሙስ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ከፍ ብሎ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ፖሊዩሬቴን ሲቃጠል አይሶሳያኔት የሚባል ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ጋዝ አስም ያስይዛል። ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣ በኋላ ትንሿም መጠን ታስነሳዋለች። የጥድ ሙጫ ጭስም ለአስም አይበጅም። ስለዚህ ጠንካራውን ቅብ በመበየጃ እያቃጠላችሁ አትለፉ፤ በፈሳሽ ባይነሳ እንኳ ፍቃችሁ አንሱት። ትንሽ ቬንቲሌተር ካላችሁ ጭሱን ከፊታችሁ ወደ ውጭ እንዲወስድ አድርጉት። ቅብን በላይተር ማቃጠል ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

እርሳስስ? በመበየጃ ሙቀት አይተንም፤ ግን እጅ ላይ ይቀራል፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። የምንበላው በእጃችን ነው፤ የምናጎርሰውም በእጃችን ነው። ሠርታችሁ ስትነሱ በሳሙና ታጠቡ። የተፋቀውን ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ አትንፉት። እርሳስ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ነው።

መልሶ መቀባት

ብዙ ጠጋኝ እዚህ ላይ ያቆማል። ራዲዮው ጮኸ፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ ሂሳብ ተከፈለ። የተከፈተው ነጥብ ግን ራቁቱን ቀርቷል። ቦርዱ ላይ ጨው የሚገባበት ብቸኛ በር እኛ የከፈትነው ይሆናል፤ ራዲዮውም ሲመለስ ሰውየው «ያው ብልሽት ነው» ይላል።

ከብየዳው በኋላ የፍለክሱን ቅሪት በአልኮል አጽዱ። የቀረ ጨውና የጣት ላብ ካለ ከቅቡ ሥር ተቀብሮ ሥራውን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ካጸዳችሁ በኋላ ነጥቡን በጣት አትንኩ። በደንብ ይድረቅ። ክፈቱና ሞክሩት፤ መሥራቱን ካያችሁ በኋላ እንደገና ነቅላችሁ ቀቡት። ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ አክሪሊክ ስፕሬይ ከተገኘ እሱ ይሻላል። ክዳኑ ላይ ረጭታችሁ በትንሽ ብሩሽ ነጥቡን ብቻ ንኩ። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ካልተገኘ፣ በባትሪ ለሚሠራ ራዲዮ ቀለም የሌለው የጥፍር ቅብ በጥቂቱ መንካት ራቁቱን ከመተው ይሻላል። ከፍተኛ ቮልት ባለበት ወይም በሚግልበት ቦታ ግን እንዳትጠቀሙበት፤ በቀላሉ የሚነድ ነገር ነው።

የማይቀቡም አሉ፦ የባትሪ ስፕሪንግ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የድምፅ መጨመሪያ፣ ጣቢያ መፈለጊያው ካፓሲተር፣ የኢርፎን መሰኪያ። እነዚህ ብረት ከብረት ጋር ተነካክቶ የሚሠሩ ናቸው።

ለሙያተኞች

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ሠርቶ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በመብቱ የሚጠቀም ሰው የሚታወቀው ግን በሥራው ነው። ቅብ ያለበት ቦርድ ሲመጣላችሁ ለባለቤቱ ሳትሸሽጉ ንገሩት፤ «ይህ ከሌላው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ጨርሼም መልሼ እቀባዋለሁ» በሉት። ዋጋችሁንም ከመክፈታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ኢፖክሲ የተሞላበትን ወይም የመርዝ ማኅተም ያለበትን «አልችለውም» ማለት ነውር አይደለም። ያልቻሉትን መመለስ አበላሽቶ ከመመለስ ይሻላል። ክዳኑ ውስጥም ምን እንደሠራችሁና በምን እንደቀባችሁ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። ነገ የሚከፍተው ሰው ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ፤ ካልሆናችሁም ያመሰግናችኋል።

በሚቀጥለው ዕትማችን ራዲዮው ውስጥ ባለው ጥቁር ዘንግ ላይ ስለተጠቀለለው የፀጉር ያህል ቀጭን የአንቴና ሽቦ እናወራለን። እሱም የራሱ ቅብ አለው፤ በምላጭ ከነኩት ይበጠሳል። ጥያቄ ያላችሁ በተለመደው መንገድ ላኩልን።

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።